ባለ ሁለት ፍሬኗ መኪና

ብሩክታይት ቦጋለ ያን ቅዳሜ ጠዋት ከሁሉ ቀድማ ሜዳው ላይ የተገኘችው ለውድድሩ የፕላስቲክ ኮን ለመደርደር ነው ብላ ነበር። ለአባቷ እንዲህ አለች፣ ለራሷም እንዲሁ። ውሸቷን ነው። የመጣችው በድሉ ከየት በኩል እንደሚመጣ፣ ምን እንደለበሰ፣ ፊቱ ከስቶ እንደሆነ ሰው ሳይበዛ ለማየት ነው። በማግስቱ ወላይታ ሶዶን ለቆ ይሄዳል። ዝውውሩ ጸድቆለት፣ እቃው ታስሮ፣ ወደ ተወለደበት ደብረ ብርሃን ሊመለስ ነው፤ ይህንንም የሰማችው ከአፉ ሳይሆን ከሰው ነው።

ሜዳው የአባቷ ነው። አቶ ቦጋለ ወደ ተበላ ከተማ በሚወስደው መንገድ ዳር የአሽከርካሪ ማሰልጠኛ ያላቸው፣ በቤተ ክርስቲያናቸውም ሽማግሌ የሆኑ፣ ቀበቶ ሳያስር መኪና ውስጥ የተቀመጠ ሰው ካዩ ስብከት የሚጀምሩ ሰው ናቸው። ልጃቸው የተግባር አሰልጣኝ ናት። ከከተማው ነጂ እኩሌታው መሪ የጨበጠው እሷ አጠገቡ ተቀምጣ ነው ቢባል ማጋነኑ ትንሽ ነው። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የመንገድ ምህንድስና የሚያስተምረው በድሉም ከነዚህ አንዱ ነበር። መንገድ እንዴት እንደሚሠራ ያስተምራል፤ መንገድ ላይ መንዳት ግን አያውቅም። ብሩክታይት በዚህ ስትስቅበት፣ እሱም ስትስቅ እያየ ማርሽ ሲያደባልቅ፣ ነገሩ ተጀመረ።

መንጃ ፈቃዱን ካወጣ በኋላም "እጄ ገና አልጠናም" እያለ መምጣቱን አልተወም። እጁ ከማንም በላይ ጠንቶ ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና፣ ሁለቱ ማንም አላወቀብንም ሲሉ ከመናኸሪያው እስከ ገበያው ስለነሱ የማያወራ አልነበረም።

የዛሬውን ውድድር የወጠኑትም ሁለቱ ናቸው። በድሉ በውጭ አገር ተራ ሰዎች የራሳቸውን መኪና ይዘው ባዶ ሜዳ ላይ የሚወዳደሩትን በስልኩ አሳያት። አንድ መኪና ብቻውን ይገባል፣ በኮኖች መሀል ተጠማዝዞ ይወጣል፣ ፉክክሩ ከሰዓት ጋር ነው። ኮን የነካ ሰከንድ ይጨመርበታል፣ መስመር የሳተ ዙሩ ይሰረዝበታል። ጁስ ቤት ቁጭ ብለው የለስላሳ ክዳን ጠረጴዛ ላይ እየደረደሩ መንገዱን ሲነድፉ ስንት ከሰዓት በኋላ አሳለፉ። አቶ ቦጋለ መጀመሪያ እሽቅድምድም መስሏቸው ተቆጡ፤ ኋላ ኮን አለመንካት የሚያስሸልም መሆኑን ሲሰሙ "ይሄማ የመንጃ ፈቃድ ፈተና ነው" ብለው ሜዳውን ፈቀዱ።

ጥቅምት ሲገባ በድሉ ሽማግሌ ላከ። ሶዶ ውስጥ የሥጋ ዘመድ ስለሌለው የላከው አከራዩን አቶ ታምራትን ነው፤ የወላይታዋ በዴሳ ተወላጅ፣ ከግብርና ቢሮ ጡረታ የወጡ፣ ተከራያቸውን እንደ ልጅ የሚወዱ ሰው። አቶ ታምራት ገብተው ተቀመጡ፤ እንደ ወጉ የማን ልጅ፣ ከየትኛው ጎሳ ተባባሉ። እዚያ ላይ ነገሩ ተገለበጠ። እሳቸውና አቶ ቦጋለ አንድ ጎሳ ሆነው ተገኙ። የልጅቷ ወገን የሆነ ሰው ደግሞ ልጅቷን ሊለምን አይመጣም፤ እሱ ሰጪ እንጂ ጠያቂ አይደለም። አቶ ታምራት ሳቁ፣ አፈሩም፣ የመጡበትን ነገር ሳይጨርሱ ከአዲሶቹ ዘመዶቻቸው ጋር ምሳ በልተው፣ መርቀው ተመርቀው ወጡ።

ብሩክታይት ይህን ሁሉ ከጓዳ ሆና ሰማች። አልከፋትም። ሌላ ሰው ይልካል አለች በልቧ። ወላይታ ምድር ላይ ይህን የማያውቅ የለም።

ቀጣዩ እሁድ መጣ፣ ሄደ። ሌላውም መጣ። የሚያንኳኳ ጠፋ። ሽማግሌ ከሄደ በኋላ ነገሩ እስኪያልቅ አንደዋወልም ብለው ተስማምተው ነበርና አልደወለችም። ደግሞስ ምን ብላ ትደውላለች? የሁለቱ ንግግር የውድድሩ አዘጋጆች ቴሌግራም ላይ ብቻ ቀረ። "ኮኑ ስላልበቃ ቢጫ ጀሪካን ውሃ ሞልተን እናቆማለን" ይላል እሱ። "ጀሪካን የነካስ እንደ ኮን ይቆጠርበታል?" ትላለች እሷ። "ይቆጠርበታል፣ አሰልጣኝ።" ያቺን "አሰልጣኝ" ደጋግማ ታነባት ነበር። ድሮ እየሳቀ የሚጠራት እንደዚያ ነው። አሁን ግን ሳቁን ከቃሉ ውስጥ ብትፈልግ ብትፈልግ አጣችው።

*

ረፋዱ ላይ ሜዳው ሞላ። ከጉኑኖ በሞተር የመጣ አለ፣ ከሆስፒታል ነጭ ጋዋኑን ሳያወልቅ የመጣ አለ። ነጋዴው ዲኤክሱን አሳጥቦ፣ የጥርስ ሐኪሟ ቪትዟን በሪባን አስጊጣ ተሰለፉ። የራስ መከላከያው ከሞተረኞች የተለመነ ስለሆነ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይቀበለዋል፤ ላቡን እየጠረገ ያጠለቀው ሁሉ ፊቱን ያጨማድዳል። የሠርግ አስተዋዋቂው ሄኖክ ማይክ ይዞ፣ ሙሽራ ሲገባ እንደሚያደርገው፣ እያንዳንዱን መኪና ያሞግሳል።

ነድቶ የወጣ ሰው ባንዲራ ይዞ ኮን መጠበቅ አለበት። ገና ተራው ያልደረሰውም እንዲሁ። በድሉ ከሩቁ ጥግ ቆሞ ነበር። መኪና ጀሪካን ገጭቶ ባለፈ ቁጥር ሮጦ ያነሳዋል፣ በኖራ የተሰመረው ክብ ላይ መልሶ ያቆመዋል፣ ጎንበስ ብሎም ልክ መሆኑን ያያል። ብሩክታይት ሰዓት ከሚይዙት ሰዎች ጋር ቆማ ዓይኗን ከሱ መንቀል አቃታት። ከስቷል። ሹራቡ ሰፍቶታል። ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ፤ ቀድሞ ያጎነበሰው እሱ ነው። ከቆመ ጀሪካን ላይ የሌለ አቧራ ሲጠርግ አየችው።

"ሳሮ፣ ልጄ" ብሎ በወላይትኛ ሰላም አላት ከኋላዋ አንድ ድምፅ። አቶ ታምራት ናቸው። ዘመድ ከሆኑ ወዲህ በየበዓሉ ቤታቸው ይመጣሉ፤ እሷን ሲያዩ ግን ዓይናቸው አያርፍም።

"ሳሮ፣ ጋሼ። ደህና አደሩ?"

"ምን ደህና አለ። ያ ልጅ ነገ ይሄዳል። እቃ ሁሉ አሰረ፣ ቤቱ ባዶ ሆነ። እኔ ደግሞ ምን ልበል? እኔ ያንቺ ሰው ነኝ እንግዲህ፣ አፌ ተያዘ።" እጇን ጨብጠው ትንሽ ቆዩ። "ጥሩ ልጅ ነበር።"

"ነበር" ማለታቸው ቆረቆራት። ሰውን ገና ሳይሄድ እንደሄደ አድርጎ ማውራት ከየት የመጣ ልማድ ነው? ፊቷን ወደ ሜዳው አዙራ የዲኤክሱን ሰዓት እንደምታይ አስመሰለች። ዓይኗን ግን እንባ ሞልቶት ነበር።

*

በድሉ ሊነዳ የነበረው የጥርስ ሐኪሟን ቪትዝ ነው፤ ተስማምተው ነበር። ተራው ሊደርስ ሲል ግን ሐኪሟ ስልክ ተደወለላት፤ መንጋጋው የተሰበረ ሰው መጥቷል ተባለና ቪትዙን ከነሪባኑ አስነስታ ወደ ሆስፒታል በረረች። ሄኖክ በማይኩ "መምህራችን መኪና አልባ ሆኑ፣ ይሄ ሕዝብ ምን ይላል?" ቢል ሕዝቡ ባንድ ድምፅ "ይንዳ" አለ። ያልተያዘችው መኪና የማሰልጠኛዋ አሮጌ ኮሮላ ብቻ ነበረች፤ በነጂው በኩልም በአሰልጣኙ በኩልም ፍሬን ያላት።

አቶ ቦጋለ ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው አገላበጡት። "የማሰልጠኛ መኪና ያለ አሰልጣኝ አትንቀሳቀስም። ይሄ ሕግ ነው፤ ለውድድርም አይሻርም።" ሌሎቹን አሰልጣኞች አዩ። አንዱ ሰዓት ይዟል፣ አንዱ ባንዲራ ይዟል። ልጃቸውን ሳያዩ ቁልፉን ዘረጉላት። "ብሩክታይት፣ አብረሽው ግቢ።"

በሩ ሲዘጋ የሜዳው ጫጫታ ከውጭ ቀረ። አቧራ እንዳይገባ መስታወቱ ሁሉ ተዘግቷል። ጠረኑን አወቀችው፣ ያው የድሮው ሳሙና ነው። ከጥቅምት ወዲህ ይህን ያህል ቀርባው አታውቅም፤ እጇን የት እንደምታደርገው ጠፍቷት ጉልበቷ ላይ አጣመረችው።

"ቀበቶህን" አለች።

"አስሬያለሁ።"

"መስታወትህን።"

የኋላ ማሳያውን ወደ ራሱ አዞረ። ባንዲራው ወረደ። ኮሮላዋ አጓርታ ተነሳች።

የመጀመሪያውን መታጠፊያ በንጽሕና ወጣው። ለካ አልረሳም። አንድ በቀኝ አንድ በግራ የተደረደሩትን ኮኖች እየተሽለኮለከ ሲያልፍ፣ እሷ እንዳስተማረችው ዓይኑን ፊቱ ካለው ላይ ሳይሆን ከሚቀጥለው ላይ አድርጎ ነበር። ሰዓቱ ጥሩ ነው፤ ውጭ ያለው ሰው ሲዘል ይታያታል።

"ነገ ነው የምሄደው" አለ ዓይኑን ሳይነቅል።

"ሰምቻለሁ። መሪውን ቀድመህ መልሰው።"

"ሳልሄድ ላመሰግንሽ ፈልጌ ነበር። አልቀየምኩሽም። ቤተሰብ እንቢ ካለ አንቺ ምን ታደርጊያለሽ።"

የሰማችውን አላመነችም። "ማን እንቢ አለ?"

"ተይው፣ ብሩክታይት። ሃይማኖትህ ሌላ ነው፣ አገርህም ሩቅ ነው ብለው ቢመልሱኝ ይገባኝ ነበር። የላክሁትን ሰው ግን ዘመዳችን ነህ ብለው፣ አብልተው መሸኘት…" ኮሮላዋን በቢጫዎቹ ጀሪካኖች መሀል አሾለካት። "የኛም አገር ሰው እንቢ ሲል በቀጥታ አይልም። በዘዴ ነው። ገብቶኛል።"

ብሩክታይት እግሯን በእሷ በኩል ባለው ፍሬን ላይ አሳረፈች። ያለ የሌለ ኃይሏን አድርጋ ረገጠችው። ኮሮላዋ ተንሸራትታ፣ ጠማማ ሆና፣ ሜዳው መሀል ላይ ቆመች። አቧራው አልፏቸው ሄደ። ሞተሩም ጠፋ።

 የሄኖክ ድምፅ በመስታወቱ አልፎ ደብዝዞ ይሰማል፤ "መኪናዋ ቆማለች… ጎማ ይሁን… እስኪ እንታገሥ።"

"እንደገና በለው" አለችው።

"ምን ልበል?"

"አቶ ታምራት ምን አሉህ? እንዳሉህ ንገረኝ።"

"'ዘመድ ሆነን ተገኘን፣ ከዚህ በኋላ እኔ ልጠይቅልህ አልችልም' አሉኝ። ፊታቸውን አዙረው ነው የነገሩኝ። ያዘኑልኝ መሰለኝ።"

"ነገሩህኮ። በድሉ፣ እኮ ነገሩህ።" ወደ እሱ ዞረች። "አንድ ጎሳ ነን። የኛ ሰው እኛን ሊለምን አይመጣም። ወንድሜ መጥቶ 'እህቴን ለሰው ስጡልኝ' ብሎ እንደ መለመን ነው። ሌላ ሰው ይምጣ ማለት ነው፣ በቃ። እንቢ አይደለም። ማንም እንቢ አላለህም።"

የበድሉ እጅ ከመሪው ላይ ቀስ ብሎ ወረደ።

"እኔ ሁሉም ሰው ያውቃል ብዬ" አለች። "እዚህ ይህን የማያውቅ የለም። አንተ የዚህ አገር ልጅ አለመሆንህን ረሳሁት። እንዴት እንደምረሳው አላውቅም፣ ግን ረሳሁት።"

"ለምን አልጠየቅሽኝም?"

"ሴት ልጅ 'ሽማግሌህ ለምን ቀረ' ብላ ትደውላለች? ናቀኝ አልኩ። አሳብ ቀየረ አልኩ። አባ እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ኮቱን አያወልቅም ነበር፤ እንግዳ ይመጣል ብሎ። ሲመሽ ምንም ሳይለኝ አውልቆ ይሰቅለዋል። እኔ ያንን ኮት ሲሰቀል ማየት ነው የገደለኝ። አንተስ ለምን አልደወልክልኝም?"

"እንቢ የተባለ ሰው ምን ብሎ ይደውላል? ድምፅሽን ብሰማ መሄድ ያቅተኛል ብዬ ነው ዝውውሩን የጠየቅሁት።" ዓይኑ ሞልቶ ነበር፤ አልጠረገውም። "እወድሻለሁ፣ ብሩክታይት። አንድም ቀን አሳብ ቀይሬ አላውቅም።"

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ይህን ያለ ሰው እነዚህን ሁለቱን አላያቸውም። ሁለቱም ዝምታቸውን እንደ ጨዋነት ይዘው፣ እያንዳንዳቸው ተናቅሁ ብለው በየበኩላቸው ሲከሱ ስንት ወር አለፈ። አሁን አገሩ ሁሉ ከቧቸው እያለ፣ የሚሰማቸው ማንም በሌለበት በዚያ ጠባብ መኪና ውስጥ፣ ብሩክታይት እጇን ዘርግታ እጁ ላይ አስቀመጠች። ከውጭ የሚያያት አባቷ መሆኑንም ታውቃለች። አላነሳችውም።

*

አቶ ቦጋለ ሜዳውን አቋርጠው ሲመጡ መንገድ ጠብቀው፣ በኮኖቹ መሀል መስመሩን ተከትለው ነው። እንዲያ ነው ጠባያቸው። የልጃቸውን በር ከፍተው መጀመሪያ ጎማውን፣ ቀጥሎ በድሉን፣ መጨረሻ የሁለቱን እጅ አዩ።

"መኪናዋ ምን ሆነች?"

"ጋሼ፣ ጥፋቱ የኔ ነው" ማለት ጀመረ በድሉ።

"ፍሬን የያዝኩት እኔ ነኝ፣ አባ" አለች ብሩክታይት።

አቶ ቦጋለ ቅንድባቸውን አነሱ። ለአሰልጣኞቻቸው የሚያስተምሩት የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው፤ ተማሪው እየነዳ ፍሬን አትንኩ፣ የምትነኩት ሰው ሊጎዳ ሲል ብቻ ነው። ከልጃቸው በላይ ይህን የሚያከብር አልነበራቸውም።

"ማን ሊጎዳ ነበር?" አሏት።

ሰዉ ወደ ገመዱ ተጠግቷል። ሄኖክም ማይኩን ዝቅ አድርጓል። ብሩክታይት ድምፅዋን አላወረደችም።

"እኔ" አለች። "ሊሄድብኝ ነው፣ አባ። እንቢ የተባለ መስሎት ሊሄድብኝ ነው። የአቶ ታምራት ነገር አልገባውም። የሚያስረዳው ሰው አልነበረውም።"

አቶ ቦጋለ የኮሮላዋን ጣራ በመዳፋቸው ያዙ። ከዚያ ጎንበስ ብለው በልጃቸው በኩል አሻግረው በድሉን አዩት።

"ንቀኸን ነው ያልኩት" አሉ። "ስንት እሁድ። ልጄን አንሳ ታየችው አልኩ፤ በጸሎቴ ላይ ሳይቀር ተቀይሜህ ነበር። እግዜር ይቅር ይበለኝ። ሃይማኖቱን ገና እንነጋገርበታለን፤ እሱ ቀላል እንዳይመስልህ። እኔም ቀላል ሰው አይደለሁም። ግን እንቢ አላልኩም።" ከበሩ ላይ አቧራውን በመዳፋቸው ጠረጉ። "አባት አለህ?"

"አለኝ፣ ጋሼ። ደብረ ብርሃን ነው። አርጅቷል፣ መኪናም ያመዋል።"

"እኔም አርጅቻለሁ። ይምጣ። የሰው አባት ካልመጣ ልጄን ለማን ብዬ እሰጣለሁ?" በሩን ሊዘጉ ሲሉ መልሰው ከፈቱት። "ዙርህ ተሰርዟል። በሉ ሜዳውን ልቀቁ፣ ሰው እየጠበቀ ነው።"

በሩ ተዘጋ። በድሉ ሞተሩን ሲያስነሳ ሁለት ጊዜ አልነሳ አለው፤ በሦስተኛው ተነሳ። የቀሩትን ኮኖች አንድም ሳይነካ፣ ሠርገኛ እንደያዘ ሰው ቀስ ብሎ አለፋቸው። ሄኖክ ማይኩን መልሶ አንስቶ "አጨብጭቡ እንግዲህ" አለ። ምን እንደሆነ በቅጡ ያልገባው ሁሉ አጨበጨበ። አቶ ታምራት ግን ገብቷቸው ነበር፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው ፊታቸውን ሸፍነው ቆመዋል።

ከመጨረሻው መስመር አልፈው፣ ከሰዉ ራቅ ብለው ቆሙ። የዳሞታ ተራራ በፊት መስታወቱ ላይ ሙሉውን ይታያል።

"ነገ የምሄደው አሁን ለሌላ ጉዳይ ነው" አለ። "አባቴን ላመጣ ነው። ካህን ነው፣ የጴንጤ ቤት ልጅ ስለው መጀመሪያ ይቆጣል። ማሳመን አለብኝ። እዚያ ባለው አዲሱ ሥራዬም ቀርቤ ሪፖርት ሳላደርግ መቅረት አልችልም። ምናልባት እስከ…"

ብሩክታይት በጣቷ አፉን ያዘችው። እስካሁን የጠበቀችው ምን እንደምትጠብቅ ሳታውቅ ነበር፤ ከነገ ጀምሮ የምትጠብቀውን ታውቃለች፤ ይኸኛው እንደሚብስም ከወዲሁ ይሰማታል። ያኔ ንዴቷ ያግዛት ነበር። አሁን ናፍቆቱን ብቻዋን ልትሸከመው ነው፣ ገና አጠገቧ ተቀምጦ እያለም ጀምሯታል።

"ቀን አትንገረኝ" አለችው። "ቀን ከነገርከኝ እቆጥራለሁ፣ ካለፈ ደግሞ እሞታለሁ። ብቻ ና።"